ከአሜሪካ የመጣው ዲስክ አሰላ ላይ ለምን እንቢ ይላል?

የኢትዮጵያ ቁጥር 5 ነው። የስልክ ኮድ አይደለም፣ የመኪና ሰሌዳም አይደለም። ዲቪዲ ገበያ ላይ ሲወጣ የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በካርታ ላይ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ሰጡ፤ ለእኛ የደረሰን ይኼ ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሳያውቀው ዓመታት ታግሎታል። ዘመድ ከውጭ የላከለትን ዲስክ ዴኩ ውስጥ ይከታል፤ ዴኩ ጥቂት ያጉረመርማል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ያወጣና ዝም ይላል። ሰውየው ዲስኩን አውጥቶ በሸሚዙ ጠርጎ ይመልሰዋል፤ ያው ነው። «ተበላሽቷል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ወዳጆቼ፣ አልተበላሸም! ዲስኩም ደህና ነው፣ ዴኩም ደህና ነው። በመሃላቸው የገባው ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ ነው የዛሬው ጉጉቴ፤ አንዴ ከገባችሁ መፍትሔውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

እኔን ጉዳዩ ከልብ የሚያንገበግበኝ በአርሲ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዋልት ዲዝኒ «ኢንዱራንስ» የተባለ የ83 ደቂቃ ፊልም ለሲኒማ አበቃ። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ሌስሊ ዉድሄድ ነው፣ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ቴሬንስ ማሊክ ነው፤ የፊልሙ ሰው ግን የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ራሱን ሆኖ ይሠራበታል፣ የቤተሰቡም ሰዎች አብረውት ይሠሩበታል። በአርሲ ገጠር ያደገ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ፣ የምሩፅ ይፍጠርን የሞስኮ ድል በሬዲዮ ሲሰማ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ እንግሊዛዊው ጄሪ ሮዝዌል ካሜራውን ከአሰላ ወደ ደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው በቆጂ ወስዶ «ታውን ኦፍ ራነርስ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠራ። በቆጂ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር ናት። ፊልሙ የአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ሜዳና እዚያ የሚሮጡ ልጃገረዶችን ይከተላል።

አሁን ካርታውን አምጡት። አሰላና በቆጂ ያሉት ቀጠና 5 ውስጥ ነው። የዲዝኒ አገር አሜሪካ ቀጠና 1 ነው፤ የሁለቱ ዳይሬክተሮች አገር እንግሊዝ ቀጠና 2 ነው። ስለዚህ ለቀጠና 1 ተብሎ የታተመ የአርሲ ልጅ ታሪክ አርሲ ውስጥ፣ ሕጉን አክባሪ በሆነ ዴክ ላይ፣ አይከፈትም። ዲስኩን ገንዘብ ከፍሎ ከሱቅ የገዛው፣ በሻንጣው ይዞ አውሮፕላን የተሳፈረው ወንድም ምንም አላጠፋም። ይህ እስከዛሬ የማይዋጥልኝ ነገር ነው።

ለመሆኑ ለምን ተከፋፈለ? ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በማርች 1997። በዚያን ጊዜ አንድ ፊልም በአንድ ቀን በመላው ዓለም አይታይም ነበር። ሲኒማ ቤት ያሳይ የነበረው በትልልቅ የፊልም ጥቅል ላይ ያለ ቅጂ ነው፤ ቅጂው ውድ ስለሆነ አሜሪካ ታይቶ ያለቀው ወደ ሌላ አገር ተሻግሮ እንደገና ይታይ ነበር። በዚህ መሃል ወራት ያልፉ ነበር። ፊልሙ ሌላ አገር ገና ሲኒማ ሳይገባ ዲስኩ ኒውዮርክ ሱቅ ውስጥ ሊደረደር ነው። ዲስኩ በሻንጣ ከተሻገረ ሲኒማ ቤቱ ባዶ ይሆናል ብለው ፈሩ። በዚያ ላይ የማከፋፈል መብቱ በየአገሩ ለተለያዩ ነጋዴዎች ነው የሚሸጠው፤ ዋጋውም እንደየገበያው ይለያያል። እናም የዴክ አምራቾች ከፊልም ኩባንያዎቹ ጋር ተስማምተው ቁልፉን ከመጀመሪያው አብረው ሠሩት።

የቁጥሩ ድልድል እንዲህ ነው፦ አሜሪካና ካናዳ 1፤ አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2፤ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ደቡብ ኮሪያ 3፤ ላቲን አሜሪካና አውስትራሊያ 4፤ ቻይና 6። 7 ለወደፊት ተብሎ የተቀመጠ ነው፣ 8 ደግሞ ለአውሮፕላንና ለመርከብ። 5 የእኛ ነው፤ ከእኛ ጋር አብዛኛው አፍሪካ፣ ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ሩሲያ፣ ሞንጎሊያና ሰሜን ኮሪያ አሉበት። ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ግን አፍሪካ ውስጥ ሆነው ከአውሮፓ ጋር 2 ተመድበዋል። ካርታውን የሠራው መልክዐ ምድር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ይመሰክራል? የሠራው የሽያጭ መስመር ነው።

የችግሩ እምብርት ይኼው ይመስለኛል። ካርታው ሸቀጥ በሚሄድበት መስመር ተሠመረ፤ ወደ እኛ የሚመጣው ዲስክ ግን የሚሄደው በዘመድ መስመር ነው። እስቲ አስቡት፣ ወደ አንድ የአሰላ ቤት የሚገባ ኦሪጅናል ዲስክ ከየት ይመጣል? ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን ካለው ወንድም፤ ቀጠና 1። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ከምትሠራው እህት፤ ቀጠና 2። ሜልበርን ካለችው አክስት፤ ቀጠና 4። ለንግድ ቻይና፣ ጓንግዡ ደርሶ ከተመለሰው ጎረቤት፤ ቀጠና 6። ከራሳችን ከ5 የሚመጣው የህንድ ፊልም ነው። ከፊልም ኩባንያዎች ማንም አሰላ መጥቶ ለቀጠና 5 የታተመ ዲስክ ሱቅ አልከፈተልንም። ቁልፉ የተሠራው ገበያን ለመጠበቅ ከሆነ፣ እዚህ የሚጠበቅ ገበያ ሳይኖር ቁልፉ ብቻ ነው የደረሰን።

በነገራችን ላይ ይህ ትልልቆቹንም አግኝቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ለጎርደን ብራውን 25 የአሜሪካ ፊልሞች በዲቪዲ ስጦታ ሰጥተዋቸው ነበር። የእንግሊዝ ጋዜጦች ወዲያው የጻፉት ዲስኮቹ ቀጠና 1 ስለሆኑ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ማጫወቻ እንደማይቀበላቸው ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ፤ ጣፋጩ እዚህ ነው። ይህ ሁሉ የዓለም ክፍፍል ዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ አንድ ባይት ብቻ ነው፣ ማለትም ስምንት አኃዝ። እያንዳንዱ አኃዝ ለአንድ ቀጠና ነው፤ 0 ከሆነ ይፈቀዳል፣ 1 ከሆነ ይከለከላል። ከቀኝ ወደ ግራ ቁጠሩ። ለአሜሪካ ብቻ የታተመ ዲስክ ላይ 11111110 ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ቀጠና ብቻ ክፍት ነው። ለእኛ ቀጠና ብቻ የታተመ ላይ 11101111 ይሆናል። ለሁሉም የተፈቀደ ዲስክ ደግሞ 00000000 ነው፤ ሰዎች «ቀጠና 0» የሚሉት ይህን ነው። ዴኩ ዲስኩን ማሽከርከር እንደጀመረ መጀመሪያ ከሚያነባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ባይት ነው። የራሱን ቁጥር ከዚያ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ያቆማል። የግቢ ዘበኛ መታወቂያ አይቶ እንደሚመልሰው ማለት ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እንዳለ ነው፣ የተከለከለው መግባቱ ብቻ ነው። ምስሉ አልተለወጠም፣ ድምፁ አልተለወጠም፣ ሌዘሩም ዲስኩን አሳምሮ አንብቦታል። ካላነበበውማ «ቁጥርህ ልክ አይደለም» ብሎ ባልመለሰው ነበር!

ይህንን ቁጥር ሳትገዙ ወይም ሳታስልኩ ማወቅ ትችላላችሁ። የዲስኩን ማቀፊያ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ ትንሽ የምድር ሉል ምስል አለች፣ መሃሏ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። ዴኩም ቢሆን ከጀርባው ወይም ከሥሩ ተመሳሳይ ሉል አለው። ሁለቱ ሉሎች አንድ ቁጥር ከያዙ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ላይ «ኦል» የሚል ካለ፣ በዚህ በኩል ብዙውን ጊዜ ጣጣ የለባችሁም።

ታዲያ ባይገጥምስ? ዴኩ ቁጥሩን የሚያስታውሰው በሶፍትዌር ነው፤ በሶፍትዌር የተጻፈ ደግሞ ይለወጣል። አምራቾች አንድ ዓይነት ማሽን ሠርተው ለተለያዩ አገሮች ስለሚልኩ ቁጥሩን የሚቀይሩበት ስውር ምናሌ ብዙ ጊዜ ውስጡ ትተዋል። የሚከፈተው በሪሞት ነው፤ መሳቢያው ባዶ ሆኖ የተወሰኑ ቁጥሮች በተርታ ይነካሉ። በብዙ የድሮ ኤልጂ ዴኮች ቁጥሩ 314159 ነበር። አወቃችሁት? ፓይ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ የሚያስደስት ቁልፍ! ከዚያ 0 ሲገባ ዴኩ ከሁሉም ቀጠና ይቀበላል። ለሌላ ሞዴል ሌላ ቁጥር ነው፤ ሙሉውን የሞዴል ስም ከዴኩ ጀርባ ገልብጣችሁ ከያዛችሁ ዴክ የሚሠራ ጠጋኝ ያገኝላችኋል። ከቻይና የሚመጡት ርካሽ ዴኮች ደግሞ ብዙዎቹ ገና ከካርቶናቸው ሲወጡ ክፍት ናቸው። እዚህ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟችሁ ይሆናል፦ ውድ የሆነው ባለ ስም ዴክ እንቢ ያለውን ዲስክ የጎረቤት ርካሽ ዴክ ወዲያው ያጫውተዋል። ሚስጥሩ ይኼው ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ቁልፍ ዘግይተን ያወቅነው በቪሲዲ ምክንያት ይመስለኛል። የአማርኛና የኦሮምኛ ክሊፕ፣ ድራማውም ፊልሙም ለዓመታት የተሸጠው በቪሲዲ ነው፤ ቪሲዲ ደግሞ የቀጠና ቁጥር የሚባል ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ እንዲህ ያለ ሐሳብ አልነበረም። የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ይመጣ ነበር፤ ታሪኩ ሲጦዝ አንድ ሰው ተነስቶ ሁለተኛውን መክተት ነበረበት። የምስሉም ጥራት ከዲቪዲ በጣም ያንሳል። ነገር ግን ከየትም ይምጣ ከየት ይከፈታል፤ ሰው የወደደውም ለዚህ ጭምር ነው።

አንዳንድ ኩባንያዎች ዴኮች መከፈታቸውን ሲያዩ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሌላ ዘዴ አመጡ። ዲስኩ ራሱ ዴኩን ይጠይቀዋል፦ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ሁሉንም እንዲቀበል በ0 የተከፈተ ዴክ ትክክለኛ መልስ አይኖረውም፤ ያኔ ዲስኩ የዓለም ካርታ አሳይቶ አልከፈትም ይላል። እንዲህ ሲያደርጋችሁ ወደ ስውሩ ምናሌ ተመልሳችሁ 0ውን ትታችሁ በቀጥታ 1 ማድረግ ነው፤ ያኔ ዴኩ እንደ አሜሪካ ዴክ ይመልስለታል።

ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ የዲቪዲ ድራይቭ ቁጥሩን ራሱ ውስጥ ይይዛል፤ ተጠቃሚው መቀየር የሚችለው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። በአምስተኛው ላይ የያዘው ቁጥር እስከ መጨረሻው ይቀራል። ኮምፒውተሩ «ቀጠናውን ልቀይር?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም ብሎ እሺ እያለ አምስቱንም የጨረሰ ሰው ብዙ ነው። ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ ግን በብዙ ድራይቭ ላይ ቁጥሩን ሳይቀይር ይከፍተዋል። መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ሰው ሠራሽ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ግን እውነተኛ የቴክኒክ ልዩነት ነው፤ ሰው ከመጀመሪያው ጋር የሚያምታታው እሱ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢመጣ ወይም ከላይ ወደ ታች ያለማቋረጥ ቢንከባለል፣ ነገሩ ቀጠና አይደለም፤ ፓልና ኤንቲኤስሲ ነው።

መነሻው ኤሌክትሪክ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካ 120 ቮልት ሆኖ 60 ጊዜ። የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ገና በጥንቱ የምስሉን ፍጥነት ከመብራቱ ጋር አስማሙት። ስለዚህ አሜሪካ በኤንቲኤስሲ ሥርዓት በሰከንድ 30 ፍሬም ያህል፣ በ525 መስመር ሄደች፤ እኛ ደግሞ እንደ አብዛኛው አውሮፓ በፓል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በ625 መስመር። ቀለሙም የሚጫንበት ሞገድ ይለያያል፤ በኤንቲኤስሲ 3.58 ሜጋኸርዝ፣ በፓል 4.43። ለፓል ብቻ የተሠራ የድሮ ቴሌቪዥን ቀለሙን የሚፈልገው 4.43 ላይ ነው። እዚያ ካላገኘው ቀለም እንደሌለ ቆጥሮ ጥቁርና ነጭ ያሳያል። ከ60ው መብራት ጋር የተስማማውን ምስል በ50 ለመያዝ ሲሞክር ደግሞ ምስሉ ያመልጠውና ይንከባለላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዴኩ ምናሌ ውስጥ የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚል ቦታ አለ፣ ፓል የሚለውን ምረጡ፤ ዴኩ ራሱ ይለውጠዋል። አዲሶቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ሁለቱንም ስለሚቀበሉ እነሱ ላይ ይህ አያስቸግርም።

ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጣ ዲስክ ቀጠናው 2 ቢሆንም ሥርዓቱ ብዙውን ጊዜ ፓል ነው፤ ስለዚህ አንድ እንቅፋት ብቻ ነው ያለበት። ከአሜሪካ የሚመጣው ሁለቱም አለበት። ወንድም ዴኩንም አብሮ ቢልክላችሁ ሦስተኛ ይጨመራል፦ 120 ቮልት ብቻ የሚል ዴክ የእኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ከጀርባው «100-240» የሚል ካለ ብቻ ነው ያለ ትራንስፎርመር የሚሰካው። ፕሌይስቴሽን ላላችሁም አንድ ነገር ልጨምር፦ ፕሌይስቴሽን 3 ጌሙን ከሞላ ጎደል ከየትም ቢመጣ ይቀበላል፣ በፊልም ዲስክ ላይ ግን የተገዛበትን አገር ቁጥር ይዞ ነው የሚሄደው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የአሜሪካ ፊልም ይከፍታል።

የፓልና የኤንቲኤስሲ ልዩነት የሚያመጣው አንድ ጉድ አለ፤ ለሯጮች አገር ሰው ሳልነግር ማለፍ አልችልም። የሲኒማ ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። በፓል ዲስክ ላይ ሲታተም 25 ማስፈለጉ አይቀርም፤ ታዲያ አንዷን ፍሬም ከየት ያምጧት? አያመጧትም። ብዙውን ጊዜ ፊልሙን በሙሉ በ4 ከመቶ ያፋጥኑታል። 83 ደቂቃ የነበረው ወደ 80 ደቂቃ ይወርዳል፤ የሰው ድምፅ በመጠኑ ይቀጥናል፤ ማንም ልብ አይለውም። በኤንቲኤስሲ ግን አያፋጥኑም፤ አንዳንዱን ፍሬም እየደገሙ ነው ቁጥሩን የሚሞሉት፤ ፍጥነቱ እንዳለ ይቆያል።

አሁን አስሉ። ኃይሌ አትላንታ ላይ 10,000 ሜትሩን የጨረሰው በ27 ደቂቃ ከ07.34 ሰከንድ ነው። ሩጫው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በ24 ፍሬም ተቀርጾ በፓል ዲስክ ቢታተምና በእጃችሁ ሰዓት ብትይዙት 26 ደቂቃ ከ02 ሰከንድ ይወጣዋል። የዩጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ እ.ኤ.አ. በ2020 ቫሌንሲያ ላይ ያስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን 26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው። ዲስኩ ብቻውን ኃይሌን ከዓለም ክብረ ወሰን በዘጠኝ ሰከንድ ያህል ያስቀድመዋል! እኔ ይህን ሒሳብ በጣም ነው የምወደው፤ የመብራት ኃይል ድግግሞሽ እስከ ሯጭ እግር ድረስ ሲደርስ ስታዩት ሁሉም ነገር የተያያዘ መሆኑ ይገባችኋል።

ከዲቪዲ በኋላ የመጣውን ብሉሬይ ዲስክ በአጭሩ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመጣ ቀጠናዎቹ ወደ ሦስት ወረዱ፣ በፊደልም ተሰየሙ። አፍሪካ ከአውሮፓ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአውስትራሊያ ጋር ቢ ሆነ፤ አሜሪካ ኤ ነው። ለእኛ ካርታው በጣም ተሻሽሏል፤ የሪያዷም እህት የሜልበርኗም አክስት አሁን በእኛው ቀጠና ናቸው። ቀጥሎ የመጣው የፎርኬ ዲስክ ደግሞ የቀጠና ቁጥር ጭራሹን የለውም። ሲኒማው ፊልሙን በአንድ ሳምንት በመላው ዓለም ማሳየት ሲጀምር የመጀመሪያው ምክንያት ራሱ ጠፍቶ ነበር።

እስካሁን ስለሚመጣው ዲስክ ነው ያወራነው። ከአሰላ ስለሚሄደውስ? የሠርግ ዲስክ ማለቴ ነው፤ ከሁሉም በላይ ቤተሰብ የሚያስለቅሰው እሱ ነው። አሰላ ላይ ሠርግ ይደገሳል፣ ቪዲዮ አንሺው ከሙሽሪት ቤት ጀምሮ እስከ መልሱ ድረስ ይቀርጻል፣ አቀናብሮ በዲቪዲ ያስረክባል፤ አንዱ ቅጂ ሚኔሶታ ላለች እህት ይላካል። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ይደወላል፦ «ጋሼ፣ ሲዲው ባዶ ነው እኮ!» ጋሼ ይናደዳል፤ ቪዲዮ አንሺው ጋ ይሄዳል፤ ቪዲዮ አንሺው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ያሳየዋል፤ ጥርት ብሎ ይሠራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ ቀጠና የለበትም፤ በቤት የተቃጠለ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ክፍት ነው፣ 00000000። ችግሩ ፓል ነው። የእኛ አገር ዴኮች አብዛኞቹ ኤንቲኤስሲን ይቀበላሉ፤ ምክንያቱም የሆሊዉድ ዲስክ ዓለምን ስላጥለቀለቀ አምራቾቹ ያን መቀበል ግዴታቸው ሆኗል። አሜሪካ የሚሸጡት ዴኮችና ቴሌቪዥኖች ግን ብዙዎቹ ፓልን አያውቁም፤ የአሜሪካ ገበያ ከውጭ ዲስክ ስለማይፈልግ ማንም አልተጨነቀበትም። በሩ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈተው። እናም እህት ዲስኩን ላፕቶፕ ላይ ብትከተው ሠርጉን ታየዋለች፤ ለኮምፒውተር ፓልም ኤንቲኤስሲም አንድ ነው።

ስለዚህ ሠርግ ያላችሁ ሰዎች፣ ቪዲዮ አንሺው ቅንብሩን ሳይጨርስ ንገሩት። እዚህ ለሚቀረው ቤተሰብ በፓል፣ አሜሪካና ካናዳ ለሚሄደው በኤንቲኤስሲ እንዲያቃጥል፤ የማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ ምርጫው አለ፣ የሚጨምርበት የኮምፒውተሩን ጊዜ ነው። ካቃጠለ በኋላ ደግሞ ዋናውን ፋይል በኤምፒፎር በፍላሽ ተቀበሉት። ዲስኩ ይፈነጫጨራል፣ ዴኩም ከየቤቱ እየወጣ ነው፤ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ የብሉሬይ ማጫወቻ መሥራት አቁሟል። መሳቢያችሁ ውስጥ «ተበላሽቷል» የተባለ ዲስክ ካለም ዴክ ሳይጠፋ አውጡት፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ሉል እዩ፣ ቁጥሯን ከዴኩ ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ ሪሞቱን አንሱ።